አብዱልጀባር የደበቃት ቫልቭ

አብዱልጀባር የሐይቅ ከተማን ውሃ በጆሮው የሚያውቅ ሰው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቧንቧ ሲቀጥልና ቫልቭ ሲዘጋ ስለኖረ፣ መስመሩ በየት በየት እንደሚያልፍ የሚያሳየው ካርታ እሱ ራሱ ነው፤ በወረቀት የሰፈረ የለም። ጡረታ ሊወጣ ሦስት ወር ቀርቶታል። 

ኑርሀያት ከጅዳ ተመልሳ፣ ቴክኒክ ተምራ አብራው መሥራት ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። ምሳዋን ሳታካፍለው አትበላም፤ ጉልበቱን ሲያመውም መሰላሉን የምትወጣለት እሷ ናት። እሱም የሚያውቀውን ሁሉ አሳያት፣ ከአንዷ ቫልቭ በቀር። ዋናዋን፣ የታችኛውን ሰፈር የምትዘጋዋን፣ ክዳኗን አፈር አልብሶ ደበቃት። ሁሉን ካወቀች ማን ይፈልገኛል ብሎ ነው፤ እንዲህ ያለው ሞኝነት መቼም በስተርጅና ይብሳል። አምና ኑርሀያት ያቺን ቫልቭ ስትፈልግ እጇ ውሃ እስኪቋጥር ሦስት ቀን ቆፈረች። እሱም እዚያ እንደሌለች እያወቀ አብሯት ቆፈረ።

በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ውጫሌን አልፎ መጣ። መብራት ጠፋ፣ ፓምፑ ቆመ፣ ሰዉ ፍራሹን ተሸክሞ ወደ ደሴ ይጎርፍ ጀመር። አብዱልጀባር ግቢው ውስጥ አንዴ ሲቀመጥ አንዴ ሲነሳ ኑርሀያት እየሮጠች ደረሰች።

«ጋሼ፣ ታንከሩ ውስጥ የቀረችው ውሃ ወደ ታችኛው ሰፈር እየፈሰሰች ነው። እላይ ያለውን ጤና ጣቢያ ቁስለኛ ሞልቶታል፤ ካልዘጋነው እስከ ማታ ጠብታ አይቀራቸውም። ያቺን ቫልቭ የት እንፈልጋት?»

ዝም ቢል ቁስለኛው በውሃ ጥም ሊያልቅ ነው። ቢናገር ደግሞ ይቺን ልጅ ሊያጣት ነው፤ ከልጆቹ ሁሉ አብልጦ የሚወዳትን።

«ዶማውን ያዢና ተከተይኝ» አላት።

ከመስጊዱ ጀርባ ወሰዳት። ሳይለካ፣ ግራ ቀኝ ሳያማትር፣ ዶማውን ተቀብሎ አንድ ቦታ ላይ አሳረፈው። በአራተኛው ምት ብረት ነካ። ኑርሀያት መጀመሪያ ክዳኑን አየች፣ ቀጥላ እሱን።

«አንቱም አብረውኝ ቆፍረው ነበርኮ፣ ጋሼ።»

«ፈርቼ ነው፣ ልጄ። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።»

የቫልቩን መዝጊያ ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ ገጠመችና አልዞርም እስኪላት ድረስ አዞረችው። ከውጫሌ በኩል ከባድ መሣሪያ ሲያጓራ ቀና እንኳ አላለችም።

«ሌላስ የደበቁኝ አለ?»

«የለም። ወላሂ የለም።»

እውነቱን ነበር።

«አውፍ ብያለሁ» አለችው። ዓይኗ ግን ከእግሩ ሥር ያለውን መሬት ይፈትሽ ነበር።