አንድ እርምጃ

ጀፎረ በመንደራችን ቤቶች ፊት የተዘረጋው ሰፊ የሣር መንገድ ነው። የሁሉም ስለሆነ ማንም አያርሰውም፣ አያጥረውም። ልጅ ሳለሁ አባቴ አጥሩን ሲያድስ አንድ እርምጃ ወደ ጀፎረው ገፋ አድርጎ ተከለው። በማግስቱ የመንደሩ ሽማግሌዎች መጥተው ለኩና በገዛ እጁ አስነቀሉት። እኔ እያየሁ ይቅርታ ጠየቃቸው። ያን ቀን በአባቴ አፈርኩ።

አሁን ከወልቂጤ ሥራዬ ለእረፍት ስመጣ ሣር የሚባል ነገር የለም። ከኮረብታው የኖራ ድንጋይ ለሲሚንቶ ፋብሪካው የሚያመላልሱት ገልባጭ መኪናዎች ጀፎረውን አርሰው ጨርሰውታል። እንሰታችን እንኳ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል።

አባቴን አጥሩን ካስነቀሉት ሽማግሌዎች አንዱ ዛሬም አሉ። ለዚህኛውስ ለምን ዝም አላችሁ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ልማት ነው አሉና፣ ልጄ» አሉኝ፣ አቧራውን ከጋቢያቸው እያራገፉ። ለአንድ እርምጃ ሰው ያዋረዱ ሰዎች ለመላው ጀፎረ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ባለፈው ሳምንት አንዱ መኪና አጥራችንን ገጭቶ ጣለው። ቅዳሜ ስደርስ አባቴ አዲስ ሊተክል ከቤቱ ደጃፍ ጀምሮ በእርምጃ ይለካል።

«አባዬ፣ ምን ትለካለህ?» አልኩት።

«ጀፎረው ውስጥ እንዳልገባ ነው» አለኝ።