በየሺዋስ ደጅ የቆሙት ሁለት ተወዳዳሪዎች

የሺዋስ እምቢ ማለት አይችልም። ይህን በኔቫዳዋ የበረሃ ከተማ፣ አሊያንቴ በሚባለው ሰፈር ያለ አበሻ ሁሉ ያውቃል፤ ስለሚያውቅም ይጠቀምበታል። ቤት የሚቀይር ሰው ሶፋ የሚያግዘው ሲያጣ ለእሱ ይደውላል። ዘመዱን ከኤርፖርት የሚያመጣለት ያጣም ለእሱ ይደውላል። ዘ ስትሪፕ በሚሉት የቁማር ቤቶች ጎዳና ላይ ባለ ትልቅ ሆቴል በቫሌትነት የሰው መኪና ሲያቆምና ሲያመጣ ይውልና፣ ቤቱ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ እንደገና ይወጣል። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» ይላል ሚስቱ ብርቅታይት ስታኮርፍ። እሷ ደግሞ ይህን ተረት ያመጣው ሰውዬ ሚስት አልነበረችውም ባይ ናት።

ይህ ጠባዩ ለብዙ ዓመት ከድካም በቀር ያመጣበት ጣጣ አልነበረም። ጣጣው የመጣው የአካባቢያቸው የኮንግሬስ ወንበር ለምርጫ በቀረበ ጊዜ ነው። ለወንበሩ ሁለት ሰዎች ይፎካከሩ ነበር። አንዷ ማርሴላ ኦርቴጋ የምትባል ጠበቃ ስትሆን የሆቴል ሠራተኞች ማኅበር ይደግፋታል። ሌላው ግራንት ዊትሎክ የሚባል፣ አየር ማቀዝቀዣ በመሸጥ የከበረ ነጋዴ ነው፤ በበረሃ ከተማ ይህን ሸጦ የማይከብር የለም። ስለ ቤተሰብና ስለ ልጆች አስተዳደግ በሚናገረው ነገር የሺዋስ በሚያመልክበት የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ብዙ ወዳጅ አፍርቷል።

መጀመሪያ የመጣችው ፋናዬ ናት። ፋናዬ እዚያው ሆቴል ምግብ አብሳይ ናት፤ ምርጫ ሲደርስ ግን ፈቃድ ወስዳ ለማኅበሩ በየቤቱ እየዞረች ትቀሰቅሳለች። አንድ ጊዜ የእንግዳ መኪና ተጫረ ተብሎ የሺዋስ ከሥራ ሲታገድ፣ ከአለቆቹ ጋር ተሟግታ ወደ ሥራው የመለሰችው እሷ ነበረች። የኦርቴጋ ስም የተጻፈበትን የቅስቀሳ ሰሌዳ ይዛ መጥታ ደጃፍህ ላይ ልትከለው ስትለው፣ የሺዋስ ተቀብሏት ከቤቱ ፊት ያለው ጠጠር ውስጥ ራሱ ተከለው። እውነቱን ለመናገር ኦርቴጋን ሳይወዳት አልቀረም። የሠራተኞች ምግብ ቤት መጥታ ስታነጋግራቸው፣ አንዱ በቲፕ ላይ ያለውን ግብር ሙሉ በሙሉ ታስነሺልናለሽ ወይ ብሎ ቃል ሊያስገባት ሞክሮ ነበር። እሷም አልችልም፣ ይህን ቃል አልገባም አለችው። ድምፅ ፈልጎ የመጣ ሰው፣ ያውም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ አልችልም ማለቱ የሺዋስን ሲገርመው ሰነበተ።

በዚያው ሳምንት ጋሽ ሕዝቅኤል መጡ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው። የሺዋስ ዲቪ ደርሶት ሲመጣ በማያውቀው ከተማ ኤርፖርት ቆመው የተቀበሉት፣ ሥራ እስኪይዝ ከልጆቻቸው ጋር ያኖሩት እሳቸው ናቸው። የዊትሎክን ሰሌዳ በብብታቸው ሸጉጠው ከመኪና እንደወረዱ፣ ጠጠሩ ላይ የቆመውን የኦርቴጋን ሰሌዳ አዩና ይሄ ደግሞ የማን ነው አሉ።

«የሰሎሜ ነው» አለ የሺዋስ።

ሰሎሜ ልጁ ናት። ገና ዐሥራ ስምንት ዓመት መሙላቷ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን የወጣቶቹን መዝሙር ትመራለች። የሺዋስ ይህን ያለው አስቦበት አይደለም፤ አፉ ላይ የመጣው እሱ ነው። ጋሽ ሕዝቅኤል «ልጆች!» ብለው ሳቁና የራሳቸውን ሰሌዳ እዚያው አጠገቡ ተከሉት። በሦስተኛው ቀን ፋናዬ በዚያ ስታልፍ ሁለቱን ጎን ለጎን አይታ ጠየቀችው። የዊትሎኩ የብርቅታይት ነው አላት። ብርቅታይት ይህን ስትሰማ፣ ማንን እንደምመርጥ ቀድመህ ንገረኝ እንጂ፣ ሰው ሲጠይቀኝ እንዳልሳሳት አለችው።

ነገሩ መሳቂያ ሆነ። ውሻውን የሚያንሸራሽር ጎረቤት ሁሉ እየቆመ ፎቶ ያነሳል። የሥራ ባልደረቦቹ ሺፍት ሲለዋወጡ «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በሌላው ተንጠልጠል» እያሉ ይተርቡታል። ሰሎሜ ግን አልሳቀችም። አንድ ቀን እራት ላይ፣ እንግሊዝኛ በሚጎትተው አማርኛዋ የሰሌዳዎቹን ነገር አንስታ፣ «አባዬ፣ ያንተ ሳይን የቱ ነው?» አለችው። ምርጫ ምስጢር ነው ብሎ አለፋት።

የምርጫው ወረቀት በፖስታ መጣ። ኔቫዳ ውስጥ እንደ አገረ ገዢ ያለ፣ መላው ግዛት የሚመርጠው ወንበር ሲሆን፣ ከተወዳዳሪዎቹ ስም ግርጌ «ከእነዚህ ማንንም አልመርጥም» የሚል መስመር አለ። የሺዋስ ይህን ሲያይ ለእሱ ተብሎ የተጻፈ መሰለው፤ ማንንም ሳያስቀይም ደስ እያለው አጠቆረው። ወደ ኮንግሬሱ ሲደርስ ግን ያ መስመር የለም። ወረቀቱን ገልብጦ ፈለገ፣ መነጽሩን አድርጎም ፈለገ። ለዚህኛው ወንበር ሕጉ እንደማይፈቅድ የነገረችው ሰሎሜ ናት። ወረቀቱን ሳይጨርሰው ፖስታው ውስጥ መልሶ ፍሪጁ ላይ ሰቀለው።

በቀጣዩ እሑድ ወጣቶቹን ሌላ ልጅ አዘመረች። የሺዋስ ሰሎሜን ጉንፋን የያዛት መስሎት ነበር። ነገሩን ያወቀው ማታ ከብርቅታይት ነው። ለካ ጋሽ ሕዝቅኤል ልጅቷን ጠርተው በሰሌዳው ነገር መክረዋታል፤ ለምን እንደዚያ እንዳሰበች ጠይቀዋታል። እሷ አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። ዝምታዋን እንደ እልህ ቆጥረው፣ ልብሽ እስኪረጋ ለጊዜው ከመዝሙሩ ዕረፊ ብለዋታል። ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ የምትዘምር ልጅ ናት። ክፍሏ ገብታ ስታለቅስ የሰማቻት እናቷ ናት፤ ለአባዬ እንዳትነግሪው ብላም ለምናታለች።

የሺዋስ አፈረ። እንዲህ ያፈረበትን ቀን አያስታውስም። በማግስቱ ከሥራ በቀጥታ ጋሽ ሕዝቅኤል ቤት ሄደ። ስለ ሙቀቱ አወሩ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ አወሩ፣ የቀረበለትን ሻይ ጠጥቶ ጨረሰ። ሊነሳ ሁለት ጊዜ ዳር ዳር ካለ በኋላ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ሳይኑ የሰሎሜ አይደለም። የኔ ነው።»

«የትኛው?» አሉ ጋሽ ሕዝቅኤል።

ይህን ጥያቄ አላሰበበትም ነበር። የመጣው ልጁን ነፃ ሊያወጣ እንጂ ራሱን ሊመርጥ አልነበረም። ሁለቱም ብሎ ለማምለጥ ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠው።

«የኦርቴጋ። የምመርጠውም እሷን ነው። የእርስዎን እምቢ ማለት ከብዶኝ ነው ያስተከልኩት።»

ሽማግሌው ባዶውን የሻይ ብርጭቆ ከፊቱ አነሱ።

«ኤርፖርት ስቀበልህ እኮ ምንም አላስፈረምኩህም» አሉ።

ከዚያም ልጅቷን መበደላቸውን፣ ራሳቸው ጠርተው ይቅርታ እንደሚጠይቋት ነገሩትና ሰሌዳዬን መልስልኝ አሉት። ሌላ ጊዜ ከቤታቸው ሲወጣ መኪናው ድረስ ይሸኙት ነበር። ያን ቀን ከበሩ አላለፉም። ነገሩ አመመው፤ ይገባኛል ብሎም ተቀበለው።

ቤቱ እንደደረሰ የዊትሎክን ሰሌዳ ከጠጠሩ ነቅሎ መኪናው ውስጥ አስገባ። ከዚያ ወረቀቱን ከፍሪጁ ላይ አውርዶ የኦርቴጋን ስም አጠቆረ፣ ፖስታውን አሽጎ ፈረመበት። ሰሎሜ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ታጠና ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገራት። ወደ መዝሙርሽ ትመለሻለሽ፣ ከእንግዲህ ማንም በኦርቴጋ ምክንያት ቀና ብሎ አያይሽም፣ እኔና አንቺ አንድ ላይ ነን አላት። እንደዚያን ቀን ኮርቶ አያውቅም።

ሰሎሜ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«አባዬ፣ እኔ የመረጥኩት ዊትሎክን ነው። ባለፈው ሳምንት ልኬዋለሁ።»

የሺዋስ የታሸገውን ፖስታ አየ። ታዲያ ጋሽ ሕዝቅኤል ሲቆጡሽ ለምን አልነገርሻቸውም አላት።

«ብነግራቸው አንተ ውሸታም ትሆናለህ» አለችው።

ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ከዚያም፣ ሰሌዳውን በስሟ ካደረገ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ምን እንደምታስብ ጠየቃት።