ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ የቆየ ዜና

ይህን ታሪክ መጻፍ ይገባ እንደሆነ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። የሥራ ዘመናቸውን ትዝታ የሚጽፉት አብዛኛውን ጊዜ ጡረታ የወጡ ሰዎች ናቸው። እኔ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመቴን ገና መጨረሴ ነው፤ የሥራ ዘመኔም ሁለት ዓመት አይሞላም። ሥራው ራሱ ስለ አንድ የኢንተርኔት ጨዋታ በአማርኛ ዜና መጻፍ ስለሆነ ሰው ሲጠይቀኝ ሥራ ብዬ ለመጥራት አፍራለሁ። ቢሆንም ዋና አዘጋጃችን እትዬ ስንዱ፣ አዲስ የሚገቡት ዘጋቢዎች እንዲያነቡት ስህተቴን ሳልደብቅ እንድጽፍ ጠይቀውኛል። እሳቸውን እምቢ ማለት አልችልበትም።

የጀመርኩት እዚህ ጣሊያን አገር፣ ሊሴኦ ማለትም ሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ዓመት ላይ ሳለሁ፣ እሑድ ቀን ነው። ከቅዳሴ ስንወጣ እናቴ እትዬ ስንዱን አስቁማ፣ "ጣሊያንኛዋም እንግሊዝኛዋም ጥሩ ነው፤ ከስልኳ ላይ ግን የሚያነሳት ጠፋ" አለቻቸው። እትዬ ስንዱ ሃምሳ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ጠዋት ጠዋት የፓላሶ፣ የመኖሪያ ሕንፃ ደረጃ ያጸዳሉ። ከላይ እስከ ታች አይተውኝ "ትጫወቻለሽ?" አሉኝ። ምን እንደሚሉ አልገባኝም። "ጭጋግ ምድርን ነዋ" አሉኝ፣ ማወቅ የነበረብኝ ነገር እንደሆነ ሁሉ።

ጭጋግ ምድር ከየአገሩ ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ገብተው የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። እያንዳንዱ ሰው ተዋጊ፣ ፈዋሽ፣ ግንበኛ ወይም ጠቢብ ሆኖ ይጀምርና አውሬ እየገደለ፣ ቤት እየሠራ ደረጃው ከአንድ እስከ ሰባ ያድጋል። እንግሊዝኛው ጠቢቡን ጠንቋይ ነው የሚለው። እትዬ ስንዱ ለንስሐ አባታቸው ማስረዳት ስላልፈለጉ ጠቢብ ብለው ተረጎሙት፤ እኛም በዚያው ቀጠልን።

እሳቸው የጀመሩት አንድ ሽማግሌ ቤት ባዳንቴ፣ አረጋዊ ተንከባካቢ ሆነው ሲሠሩ ነበር። የሽማግሌው የልጅ ልጅ ትቶት የሄደ ታብሌት ነበር። ሽማግሌው ከምሳ በኋላ ሲተኙ እትዬ ስንዱ ዘንዶ ይገድላሉ። ቀስ በቀስ እንደሳቸው ሰው ቤት እያደሩ የሚሠሩ፣ የሚጫወቱ ሌሎች የአገራችንን ሴቶች አገኙ። ሁሉም የሚቸገሩት በአንድ ነገር ነበር፤ የኩባንያውን ማስታወቂያ ማንበብ አይችሉም። ገጻችን "የሐሙስ ሰሌዳ" የተከፈተው ለዚህ ነው።

ሐሙስ የሆነበት ምክንያት አለው። በዚህ አገር ሰው ቤት አድሮ የሚሠራ እረፍቱ እሑድና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። እሑድ ለቤተ ክርስቲያንና ለዘመድ ይሄዳል። ለጨዋታው የሚቀረው ሐሙስ ከስምንት ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ የእኛ ትልቅ ዜና የትኛውም ቀን ቢመጣ ተዘጋጅቶ ይቀመጥና ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ይወጣል። ከዚያ በፊት ቢወጣ በሌላ ወሬ ሥር ይቀበራል።

የመጀመሪያውን ሥራ የሠራሁት ቶር ፒኛታራ ሰፈር፣ እትዬ ስንዱ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። ሙያውን ያስተማሩኝ በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። መጀመሪያ ማስታወቂያውን በሁለቱም ቋንቋ አነባለሁ። ከዚያ የተባለውን ነገር በራሴ ስልክ እሞክረዋለሁ። እያንዳንዱን እርምጃ ስክሪንሹት አንስቼ የሚነካው ቦታ ላይ ቀይ ክብ አደርጋለሁ። አንድ ሥዕል፣ አንድ ክብ። ሁለት ክብ ሳደርግ "አሎራ፣ እንግዲህ አንባቢዋ በየቱ ጣቷ ትንካው?" አሉኝ። በመጨረሻ እሳቸው ያርማሉ፣ እኔ የሚወጣበትን ሰዓት እሞላለሁ፣ ሰዓቱ ሲደርስ በራሱ ይወጣል።

ማዕረግም ነበረን፤ ጀማሪ፣ ዘጋቢ፣ አራሚና ዋና አዘጋጅ። ሰዎቹ እኔና እሳቸው ብቻ ስለነበርን የታችኞቹን ሁለቱን እኔ፣ የላይኞቹን እሳቸው ያዝን። ከስድስት ወር በኋላ ከጀማሪነት ወደ ዘጋቢነት አሳደጉኝ። ቀኑን ኳደርኖዬ፣ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ።

ሥራው እረፍት የሚነሳ ነው። ኩባንያው መቼ ምን እንደሚያወጣ አይታወቅም። ትራም ላይ፣ ክፍል ውስጥ፣ ሱፐርመርካቶ ሰልፍ ላይ ገጹን ከፍቼ አያለሁ፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ደግሜ አያለሁ። ፒኜቶ ማቆሚያ ወርጄ ቤት እስክደርስ ሦስት ጊዜ። እናቴ "እጅሽን የሚበላሽ ነገር አለ?" ትለኝ ነበር። እኔ ግን አንባቢዎቻችን "እግዜር ይስጥልን፣ ቤዛዬ" ብለው ሲጽፉልኝ ደስ ስለሚለኝ ማቆም አልቻልኩም።

አንድ ማክሰኞ ትልቁ ዜና መጣ። ሁላችንም የምንጫወትበት ሴሌን የተባለው ሰርቨር በሰኔ ሊዘጋ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ገጸ ባሕሪውን ይዞ ወደ ሌላ ሰርቨር መዛወር አለበት፤ ኦሪን እና ታልማ የሚባሉ ሁለት አሉ። በተለያየ ሰርቨር ያሉ ሰዎች አይተያዩም። መዛወር የሚቻለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ማስታወቂያው ከአውሮፓም ከአፍሪካም የሚጫወቱ ወደ ኦሪን እንዲሄዱ ይመክር ነበር።

በሥርዓቱ ሠራሁት። የራሴን ገጸ ባሕሪ አዛወርኩ፣ ዘጠኝ ሥዕል፣ ዘጠኝ ቀይ ክብ። ርዕሱ "ሁላችንም ወደ ኦሪን" ነበር። እትዬ ስንዱ ማክሰኞ ማታ አንብበው ቫ ቤኔ፣ ጥሩ ነው አሉ። ለሐሙስ ስምንት ሰዓት ሞላሁት።

ሐሙስ ጠዋት የዓመቱ ከባድ ፈተናዬ ነበር። ረቡዕ ዕለት፣ ሥራውን ከጀመርኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ስልኬን አጥፍቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩና ቀኑን ሙሉ አጠናሁ።

ኩባንያው ማስታወቂያውን የቀየረው ረቡዕ ነው። ኦሪን ሊሞላ ተቃርቧል፤ ከአፍሪካ የሚጫወቱ ሁሉ ሐሙስ ጠዋት በራሱ በኩባንያው ወደ ታልማ ይዛወራሉ፤ ከአውሮፓ የሚጫወቱ የፈለጉትን ይምረጡ ይላል።

ሐሙስ ፈተናውን ጨርሼ ትራም ላይ ሳለሁ ዜናው በሰዓቱ ወጣ። ምስጋናው ይጎርፍ ጀመር። ፈገግ እያልኩ አንድ በአንድ እመልሳለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንድ የድምፅ መልእክት መጣ። የላኩት ወይዘሮ ተዋበች ናቸው፤ ኦስቲያ፣ ባሕሩ ጠረፍ ላይ አንዲት አሮጊት ሲኞራ የሚንከባከቡ የቆዩ አንባቢያችን። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር። "ቤዛ፣ እንዳልሽው አደረግኩ። ኦሪን ገብቻለሁ። ናሆም ግን የለም። ምናልባት የዘለልኩት ክብ አለ?"

የዘለሉት ክብ አልነበረም። የኩባንያውን ገጽ ከፍቼ የረቡዑን ማስታወቂያ አነበብኩ፤ መውረጃዬ አለፈኝ።

ናሆም የወይዘሮ ተዋበች ልጅ ነው፤ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፣ ደሴ አክስቱ ጋር ይኖራል። እናትና ልጅ በየሐሙሱ ጨዋታው ውስጥ ይገናኛሉ። እሳቸው ደረጃ ስልሳ ግንበኛ፣ እሱ ደረጃ አርባ ሰባት ተዋጊ። ወንዝ ዳር ቤት ሠርተዋል፤ ከፊቱ የድንጋይ ድልድይ አለው።

መጀመሪያ ያሰብኩት ጽሑፉን ማንም ሳያይ ማረም ነበር። ለእትዬ ስንዱ ደውዬ እንደዚያ ልላቸው ስጀምር አቋረጡኝ።

"ዝም ብለሽ እንዳትነኪው። ስህተቱ ይታይ፣ ከላዩ ማረሚያውን ጻፊ፣ ከሥሩ ስምሽን አድርጊ። የኔንም አድርጊ፣ እኔም አላየሁትም።" ቀጥለውም "ተዋበችን ደግሞ ይቅርታ የምትጠይቂያት በስልክ አይደለም። እሑድ ሂጂ" አሉኝ።

ማረሚያውን የጻፍኩት ትራም ማቆሚያው ላይ ቆሜ ነው። ወደ ሁሉም አንባቢ መልእክት ላክሁ። አብዛኞቹ ገና የመዛወሪያውን ቁልፍ አልነኩም ነበር፤ የነኩትም የሚጫወቱት እዚሁ ካሉ ጓደኞቻቸው ጋር ነው። ጉዳቱ የደረሰው ወይዘሮ ተዋበች ላይ ብቻ ነበር። እሳቸው ደግሞ የጻፍነውን በወጣበት ሰዓት፣ አንድም ሳይዘሉ የሚፈጽሙ ሰው ናቸው።

እሑድ ከፒራሚዴ ጣቢያ የኦስቲያውን ባቡር ተሳፈርኩ። መቀመጥ አቃተኝ፤ እስከመጨረሻው በሩ አጠገብ ቆሜ ሄድኩ። ወይዘሮ ተዋበች ባሕሩ ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ሆነው ይጠብቁኝ ነበር። አይተውኝ "ቀይ ክብ የምታደርጊው አንቺ ነሽ? እኔ እኮ ትልቅ ሰው መስለሽኝ ነው የታዘዝኩሽ" አሉኝ። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ አላወቅኩም። ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ የማክሰኞውንና የረቡዑን ማስታወቂያ አስረዳኋቸው። አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ።

ስልክ አለ እኮ፣ በየቀኑ ይደውሉለት የለም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ሊያጽናናቸው ይችላል ብዬ ነበር።

"በስልክ 'ደህና ነኝ' ይለኛል። 'በላህ?' ስለው 'በላሁ'። አለቀ። ድልድዩን ስንሠራ ግን ድንጋይ እያቀበለኝ ስለ ትምህርቱ ያወራል፣ ስለ ጓደኞቹ ያወራል፣ አክስቱ የተቆጣችውን ያወራል። ፊቴን ስለማያይ ይመስለኛል። የልጄን ወሬ የማገኘው እዚያ ነው፣ ቤዛ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ ደብዳቤ መጻፍ ሆነ። ለኩባንያው የደንበኞች አገልግሎት ጻፍኩ፤ ማሽን መለሰልኝ። እንደገና ጻፍኩ፤ ዝውውር አንድ ጊዜ ብቻ እንደሆነ የሚገልጽ አንቀጽ ላኩልኝ። ስህተቱ የእኛ እንጂ የእሳቸው እንዳልሆነ ጻፍኩ። የማክሰኞውን ማስታወቂያ፣ የእኔን ጽሑፍ፣ ማረሚያውን አያይዤ ላክሁ። ናሆም ኦሪን ላይ አዲስ እንዲጀምር ጠየቅኩ፤ ለአፍሪካ ተዘግቷል አሉኝ። ለሌላው ፈተና እያጠናሁ በየገጹ መልእክት ሳጥኔን እከፍታለሁ። እናቴ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ ሩዝ ዕቃ ውስጥ ደበቀችው፤ አገኘሁት።

በየሐሙሱ ስምንት ሰዓት ላይ ለወይዘሮ ተዋበች እደውላለሁ። "ምን አሉ?" ይሉኛል። የተባለውን እተረጉማለሁ። እሳቸውም የናሆምን ይነግሩኛል፤ ሁልጊዜ አንድ ነው፣ ደህና ነኝ ብሏል። ሴሌን ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የመጨረሻው መልስ መጣ፤ በሰው የተጻፈ፣ ትሑት፣ አጭር። አይቻልም ይላል። አንድ መንገድ ብቻ ነበር የቀረው፤ ወይዘሮ ተዋበች ታልማ ላይ ከደረጃ አንድ አዲስ መጀመር ይችላሉ። እሱም ሴሌን እስከሚዘጋበት ቀን ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ታልማም ለአዲስ ተጫዋች ይዘጋል።

ሳነብላቸው መጀመሪያ ያነሱት ቤቱን ነበር። ቤቱ ከእሳቸው ጋር ወደ ኦሪን ሄዷል፤ ይዘውት መውጣት አይችሉም። ሁለት ዓመት የሠሩት ነው። "ላስብበት" አሉኝ። በማግስቱ አልደወሉም፤ በሚቀጥለው ሐሙስም እያሰብኩ ነው አሉኝ።

እኔ ግን መጠበቅ አልቻልኩም፤ ሳልጠየቅ የታልማን መጀመሪያ የሚያሳይ መመሪያ ሠራሁ። ለእትዬ ስንዱ ሳሳያቸው አላረሙትም። "አንድ ጊዜ በቀይ ክብሽ ነድተሻታል" አሉኝ። "አሁን እሷ ስትጠራሽ ሂጂ።" መመሪያውን አልላክሁም። በሙያው ውስጥ ካደረግኩት ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው፤ መላክ እየቻልኩ አለመላክ።

የጠሩኝ በመጨረሻው ቀን ነው። ሐሙስ ነበር። ከሰዓት በኋላ ኦስቲያ ደርሼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። መነጽራቸውን አድርገው ቁልፎቹን ራሳቸው ነኩ፤ እኔ እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ አየሁ። ደረጃ አንድ ግንበኛ፣ ጨርቅ ልብስ፣ የእንጨት ዱላ። ከመነሻው መንደር ሲወጡ አንድ የዱር አሳማ ገደላቸው። ተነሥተው ሲሄዱ ያው አሳማ ደግሞ ገደላቸው። "ስልሳ ደርሼ እኮ ነበር" አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለአሳማው።

በሦስተኛው ሙከራ ከዛፎቹ መካከል ጥቁር ጥሩር የለበሰ ተዋጊ እየሮጠ መጣ። ደረጃ ሃምሳ ሁለት ይላል፤ ብቻውን አድጓል። አሳማውን በአንድ ምት ጣለው። ከስልኩ የጎረምሳ ድምፅ ወጣ።

"እማ፣ ከኋላዬ ሁኚ።"

"እሺ፣ ጌታዬ" አሉት።

ተከተሉት። መንገድ ላይ ስለ ፊዚክስ አስተማሪው መናገር ጀመረ፣ ከዚያ ስለ ተጣላው ጓደኛው። ወይዘሮ ተዋበች ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ እንዳልናገር በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። ቀስ ብዬ ተነሥቼ ወደ ባቡሩ ሄድኩ።

የእኔ ትምህርት ይህ ነው። ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ዜና ከመውጣቱ በፊት፣ በዚያው ቀን ምንጩ እንደገና ይነበባል። አሁን ሐሙስ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ፈተናም ቢኖረኝ ይህን የማደርገው እኔ ነኝ፤ እኔ ካልቻልኩ እትዬ ስንዱ ናቸው፤ ማንም ካልቻለ ዜናው አይወጣም። የወንዝ ዳሩ ቤት ኦሪን ላይ ቀርቷል።

ሴሌን የተዘጋው፣ ነገሩም ያበቃው፣ ሐሙስ ሰኔ 23 ቀን ነው።