ስልኩን ፍለጋ እስከ ሪራ

ከጎባ የተነሳሁት ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የአንድ ለአምስት ስብሰባ ነበረብኝ፤ ቀረሁ። ልጄ ፈቲያ ሮቤ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ ትሠራለች። ከቢሮዋ ሳትነሳ የገሰራንና የደሎ መናን ቅርንጫፍ ኮምፒውተሮች በአንድ ፕሮግራም ታስተዳድራለች። ያ ፕሮግራም ሁለት ቀን ሙሉ አላስገባ አላት። ፓስዎርዱን ታውቀዋለች፤ ግን ቀጥሎ አሮጌ ስልኳ ላይ በየግማሽ ደቂቃው የሚቀያየር ስድስት ቁጥር ይጠይቃታል። ቁጥሩ እዚያ እንዳለ ረስታ ስልኩን ለእኔ ሰጥታኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሪራ ላለው ወንድሜ ለኦቦ ከድር ሰጠሁት። ተማሪዎቹ ቅዳሜ ይፈተናሉ። "ሐሙስ ከሥራ መውጫ በፊት ካልተከፈተ ሌላ ሰው እንቀጥራለን" ብለዋታል አለቆቿ። ስልኩን አሳልፌ የሰጠሁት እኔ ነኝና እኔው ሄድኩ።

ሳነቴ

እስከ ሪራ ለሚኒባስ ሃምሳ ብር ከፈልኩ። ሁለት ሻል ደርቤም የሳነቴ አምባ ብርድ አጥንቴ ገባ። መንገዱን ስለምፈራ ዓይኔን ጨፍኜ ቁርዓን እቀራለሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው የደሎ መና ቡና ነጋዴ ሳቀችብኝ።

"አዴ፣ ዓይንዎን ቢገልጡት ገደሉ ይበልጥ አይጠልቅም!"

ገለጥኩት። የጅብራው ተክል በጉም ውስጥ እንደ ሰው ቆሟል፤ አንድ ቀይ ቀበሮ የአይጥ ጉድጓድ ሲጠብቅ አየሁ። ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሐረና ጫካ ውስጥ ወረደ። መልሼ ጨፈንኩ።

ሪራ

አራት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ኦቦ ከድር የገብስ ቂጣ በማር አቀረበልኝ። ስልኩ ምሰሶው ላይ፣ ከሶላሩ ገመድ ጋር ተንጠልጥሏል።

"ኦቦ፣ ስልኩን ፈልጌ ነው የመጣሁት።"

"ያ ዘይነባ! ሰጥቶ መንሳት ከመቼ ወዲህ ነው?" ብሎ ሳቀ። ነገሩን ስነግረው ግን ወዲያው ፈታው። "ለፈቲያ ከሆነ ጆሮዬንም ቁረጪና ውሰጂ። ሰዓቱን ግን እንዳትነኩብኝ። ራሴ ነኝ ያስተካከልኩት፤ ሶላቴን የምጠብቀው በእሱ ነው።"

"ወላሂ አንነካውም" አልኩ።

አንድ ጠርሙስ ማር ጨመረልኝ። ቡና በጫነ አይሱዙ፣ ስልኩን ደረቴ ውስጥ ይዤ ተመለስኩ። ጎባን ሳልወርድ አለፍኳት።

ሮቤ

አሥር ሰዓት ላይ ቢሮው ገባሁ። አለቃዋ በሩ አጠገብ ቆሟል። ፈቲያ ስድስቱን ቁጥር አስገባች፤ አልተቀበላትም። ደገመችው፤ አሁንም እምቢ አለ።

"አዮ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቀረኝ። ከዚያ ጨርሶ ይዘጋል" አለችኝ። እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳች።

እኔ ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው የማውቀው። ስልኩ አሥር ሰዓት ከአሥር ይላል፤ ኮምፒውተሩ አራት ከአሥር። በተማረ ሰው ፊት መናገር ፈራሁ። ኋላ ግን ልጄ እጇን መልሳ ለመዘርጋት ስትፈራ ሳይ አላስቻለኝም።

"ልጄ፣ ስልኩስ ልክ ነው፤ የኮምፒውተርሽ ሰዓት ነው የተበላሸው።"

አለቃው ሳቀ። "እናቴ፣ እሱ የፈረንጅ ሰዓት ነው።"

ፈቲያ ግን አልሳቀችም። "ቁጥሩ የሚወጣው እኮ በሰዓቱ ነው! አጎቴ ወደ እኛ ሰዓት ቀይሮት ነው! ስድስት ሰዓት ስቷል!"

"እንዳትነኪው፤ ወላሂ ብዬ ምያለሁ!"

"አዮ!"

ዓይኗን አየሁት። "እሺ፣ ንኪው። የመሐላው ከፋራ በእኔ።"

ሰዓቱን አስተካከለች፤ አዲስ ቁጥር እስኪመጣ ጠበቀች፤ አስገባች። ተከፈተ። የገሰራና የደሎ መና ኮምፒውተሮች ስም ተደርድሮ መጣ። ልጄ ትከሻዬ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ አለቃው ወንበር አመጣልኝ።

ጎባ፣ ቤቴ

ፈቲያ መግቢያውን ወደ አዲሱ ስልኳ አዛወረች። ስልኩ ቢጠፋ የሚያስገባትን ቁጥርም ሁለት ወረቀት ላይ ጽፋ አንዱን በእኔ ሳጥን ውስጥ ቆለፍነው። የወንድሜን ስልክ ወደ ራሱ ሰዓት መልሳ በአይሱዙው ሹፌር ላከችለት።

በተማሩ ሰዎች ፊት ዝም ማለት ጨዋነት ይመስለኝ ነበር። ለካ ፍርሃት ኖሯል። ለፈረሰው መሐላዬ ከፋራ አሥር ድሃ ማብላት አቅሜ አይደለምና ሦስት ቀን እየጾምኩ ነው። ዛሬ ሦስተኛው ነው፤ ለማፍጠሪያ የኦቦ ከድር ማር ተቀምጧል፤ ፈቲያም ከሥራ ወጥታ እየመጣች ነው።