ስፖንጅ የሌለው ጎማ

የዚያን እሁድ ጠዋት የሚጥለው ካፊያ ብቻ ነበር፤ በተክለ ሃይማኖት በኩል ግን ሰማዩ ጠቁሯል። ባለቤቴ ጂራታ የጠረጴዛ ቴኒስ ራኬቱን በፌስታል ጠቅልሎ ጃኬቱ ውስጥ ከተተው። በራኬቱ ፊት ላይ የለጠፈውን አዲስ ጎማ የሚሞክርበት ቀን ነው። ጎማ እርጥበት ከነካው ኳስ ያንሸራትታል፤ ስለዚህ እሱ ራሱ ቢበሰብስም ግድ የለውም።

ጂራታ ጌጃ ሰፈር ውስጥ ጫማ ይሠራል። እሁድ እሁድ በሰፈሩ አዳራሽ ጠረጴዛ ቴኒስ ይጫወታል። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ አጥቂ ሆኖ አያውቅም። ከጠረጴዛው ርቆ ይቆምና የመጣበትን ሁሉ ከሥር እየጠረገ ይመልሳል፤ ሌላው ሰልችቶት እስኪሳሳት ድረስ። ያገባሁት ይህን ትዕግሥቱን አይቼ ነው፤ አብሮት መኖር ግን ሌላ ነገር ነው።

እዚያ አዳራሽ ያሸነፈ ይቀራል፣ የተሸነፈ ወርዶ ከተራው መጨረሻ ይቆማል። ድሮ ጂራታ ከወጣ አይወርድም ነበር። ጉልበቱ ከታመመ ወዲህ ግን ቶሎ ቶሎ መውረድ ጀመረ። እሱ ጥፋቱን ባረጀው ጎማ ላይ ጣለ።

"አዲስ ጎማ ካላገኘሁ አዳራሹን እተወዋለሁ" አለኝ፣ ከዚያ እሁድ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ።

አዳራሹን ትቶ ቤት ሲውል ምን እንደሚሆን ስለማውቅ፣ ሜክሲኮ አደባባይ ድረስ አብሬው ሄድኩ። የስፖርት ዕቃ ሻጩ በከር ሁለት ጎማ አወጣልን። የሁለቱም ፊት ረጃጅም ጥርስ አለው፤ አንደኛው ከሥሩ ስስ ስፖንጅ ተለጥፎበታል፣ ሌላው ስፖንጅ የለውም።

"ጋሼ፣ ርቀው ነው ተጠግተው የሚጫወቱት? ባለ ስፖንጁ ለሚርቅ ሰው ነው። ባዶው ተጠግቶ ለሚቆም።"

"ርቄ ነው" አለ ጂራታ።

"በየትኛው ጉልበትህ?" አልኩት።

"አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው አሰልጣኝ የሆንሽው?"

በከር ሳቁን ዋጠ። ባለ ስፖንጁን ገዛን።

ቤት ስንደርስ እጁ የለመደውን አደረገ። ሶል እንደሚለጥፍ፣ እንዳይላቀቅ ብሎ ማስቲሹን ደራርቦ ቀባ። ስፖንጁ ማስቲሹን ጠጥቶ አበጠ።

እናም የዚያን እሁድ ኳሷ ጎማውን በነካች ቁጥር እንደ ፌንጣ ዘለለች። ጠረጴዛውን አልፋ ግድግዳ ትመታለች። ተጋጣሚው የልጅነት ጓደኛው ፍሰሐ ነበር፤ እኔ ከዳር ተቀምጬ አያለሁ።

"ኧረ ቀስ፣ ኳሷን ሜክሲኮ አደረስካት" አለው። "የባቡር ትኬት ቆርጠህላታል?"

"ማስቲሹ በዝቶ ነው።"

"እሱስ እሺ። መረቡ ሥር አጭር ኳስ ስጥልልህ ጊዜስ ለምን ቆመህ ታያለህ?"

ጂራታ ተሸነፈ። ወርዶ አጠገቤ ተቀመጠና ጉልበቱን ማሸት ጀመረ።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ደጃፍ ላይ አገኘሁት። ጎማውን ከእንጨቱ ነቅሎ፣ ስፖንጁን በቤንዚን እያራሰ በአውራ ጣቱ ይፍቀዋል። ባዶውን ሊያስቀረው ነው።

"በዚህ ዕድሜዬ እንደ ጀማሪ ጠረጴዛው ላይ ልለጠፍ" አለ፣ ቀና ሳይል።

"ተለጠፍ። ኳሷን እስከመለስክ ድረስ።"

ማስቲሹን በዚህ ጊዜ ስስ አድርጎ ቀባው።

ባዶው ጎማ የኳሷን ጉልበት ይገድላል። ፍሰሐ ይናደዳል፤ ጂራታ አንዳንዴ ያሸንፋል፣ ብዙውን ጊዜ ይወርዳል፣ ወርዶም ተራውን ይጠብቃል። ድሮ እየሸሸ የሚቆምበት ቦታ ላይ አሁን አግዳሚ ወንበር አስቀምጠውበታል፤ እኔም የምቀመጠው እዚያ ነው።

ጂራታ አሁንም ጌጃ ሰፈር ጫማ ይሠራል። እሁድ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ፣ ሆዱ ጠረጴዛውን ሊነካ ደርሶ፣ ቆሞ ይጫወታል።