ለኑክሌር ማብላያ ዋስ እንደሆንኩ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የእርሳስ ሽርጥ አጠለቅኩና እስከ ምሳ ሰዓት አላወለቅኩትም። ሽርጡ ራጅ የሚያነሱ ባለሙያዎች ጨረር እንዳያገኛቸው የሚለብሱት፣ ውስጡ እርሳስ ያለበት፣ ትከሻ የሚሰብር ነገር ነው። የራጅ ማሽን ከጠፋ ጨረርም አብሮ እንደሚጠፋ ተምሬያለሁ፤ ፈተና ላይም መልሼዋለሁ። ፈተና ላይ መመለስና ክፍሉ ውስጥ መቆም ግን ለየቅል ነው። አለቃዬ ኢንጂነር ሰብለ ሽርጡን እንደለበስኩ ምግብ ቤት ውስጥ ሽሮ ስበላ አገኘችኝ።

«ሽሮው ጨረር ያወጣል እንዴ?» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መሥሪያ ቤት ውስጥ ስሜ «ሽርጡ» ነው።

ሥራዬ የጨረራ ቁጥጥር ነው። ደረጃዬ በጊዜው ጀማሪ ባለሙያ ነበር። የእጅ መለኪያ ይዤ ከሆስፒታል ሆስፒታል እዞራለሁ፤ የራጅ ክፍል ግድግዳ ጨረር ያሳልፍ እንደሆነ፣ በሩ ይገጥም እንደሆነ አያለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ቆቦ ስለሆነ የሰሜን ወሎ መንገድ ሲመጣ «ያንተ አገር ነው፣ አንተ ሂድ» ይሉኛል። አበሉ ለእናቴ ስኳር ይገዛል፣ እኔም ቤቴ አድራለሁ። ማንም አልተጎዳም።

አንድ ጊዜ ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ቆቦ አጠገብ ሮቢት አካባቢ የጠፋ መሣሪያ እንድፈልግ ተላክሁ። መሣሪያው መንገድ ሠሪዎች ከአስፋልት በታች ያለው አፈር በደንብ መጠቅጠቁን የሚለኩበት ነው፤ ሆዱ ውስጥ ጨረር የሚያወጣ ትንሽ ነገር አለ። ተቋራጩ ጦርነቱ ሲመጣ ካምፑን ጥሎ ወጥቷል። ቀኑን ሙሉ ስጠይቅ ውዬ ደከመኝና አንዲት ሴት ዘንድ ሻይ ጠጣሁ።

«እቴ፣ ቢጫ ሣጥን አላዩም? የሦስት ክንፍ ምልክት ያለበት?» አልኳት።

«ምን ያደርግልሃል?» አለች።

«አደገኛ ነው። ሰው ሊቀርበው አይገባም።»

ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ታዲያ ለምን ተቀመጥክበት?» አለችኝ። ብድግ አልኩ። ምልክቱ በተቀመጥኩበት በኩል ነበር። ደግነቱ መሣሪያው ተቆልፎ ስለነበር ልኬቱ የሚያስፈራ አልሆነም፤ እኔ ግን ለሳምንት ያህል የምቀመጥበትን እየዳበስኩ ነበር።

ሣጥኑን ወስደን ለባለቤቱ ልንመልስ ሞከርን። የተቋራጩ ስልክ አይነሣም። የሠራው ፋብሪካ «እኛ ሸጠናል፣ የገዛውን ጠይቁ» አለ። የገዛው የለም። ሣጥኑ እስከዛሬ መጋዘናችን ውስጥ ነው ያለው። ያኔ ይህን ነገር እንደ ቀልድ ነበር የማወራው፤ በተለይ የተቀመጥኩበትን ክፍል።

ከፍተኛ ባለሙያ ከሆንኩ በኋላ ነው ትልቁ ጉዳይ የመጣው። አንድ የውጭ ኩባንያ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ሊሸጥልን ድርድር ተጀመረ። ለግንባታ ከሚታዩት ቦታዎች አንዱ የቆቦ ሜዳ ሆነ፤ ከሥሩ ብዙ ውሃ አለ፣ ሙቀቱ የሚመነጭበት ማብላያ ደግሞ ለማቀዝቀዣ ብዙ ውሃ ይፈልጋል። ኩባንያው አንድ መሐንዲስ ላከ። ኢንጂነር ሰብለ የቡድኑ መሪ፣ እኔ ደግሞ አስተርጓሚና የአገር ልጅ ሆነን ወረድን። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች እንደሚባለው፣ እኔም አወቅህ ስባል ጊዜ ከረቫት አሰርኩ። በቆቦ ሙቀት።

የወረዳው አዳራሽ ሞላ። ከፊት የተቀመጡት አባ ሙሄ ናቸው፤ የጉድጓድ መስኖ ተጠቃሚዎች ሰብሳቢ። መብራት በሄደ ቁጥር ፓምፑ ይቆማል፣ ፓምፑ ሲቆም የሜዳው ሽንኩርት ይደርቃል። ስለዚህ አባ ሙሄ የመጡት ሊቃወሙ አልነበረም። መብራት የሚሉት ነገር ከየትም ይምጣ ብለው ነው የመጡት።

ፈረንጁ መሐንዲስ ሥዕል እያሳየ አስረዳ። እኔ ተረጎምኩ። ሲጨርስ ሰው ዝም አለ። የራያ ሰው ዝም ካለ አልገባውም ማለት አይደለም፤ አላመነም ማለት ነው። ላብ አጠመቀኝ። ድምፅ ማጉያውን ከመሐንዲሱ ተቀበልኩና እጄን ትከሻው ላይ ጣል አድርጌ «ጎበዝ፣ እኔ የማን ልጅ እንደሆንኩ ታውቃላችሁ። ይህን ሰው አውቀዋለሁ» አልኩ። የተዋወቅነው ከትናንት ወዲያ ነበር።

አባ ሙሄ ተነሡ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ዋሱ ተገኘ። እኔ ሌላ ጥያቄ የለኝም።» አዳራሹ አጨበጨበ።

ጭብጨባው ውስጥ ነው ያደረግኩት ነገር የገባኝ። በቆቦ የከብት ገበያ ከማያውቀው ሰው በሬ የሚገዛ «ዋስ ጥራ» ይላል። ሻጩ አንድ የአገር ሰው ይጠራል። የተጠራው ሰው «አውቀዋለሁ» ይላል፣ በቃ፣ ሌላ ንግግር የለም። በሬው የተሰረቀ ወይም በሽተኛ ሆኖ ቢገኝ ገዢው ሻጩን ፍለጋ አገር ለአገር አይዞርም። ዋሱ ቤት ይመጣል። ዋሱ ቢሞት ልጆቹ አሉ፣ ዘመዶቹ አሉ። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ስብሰባው ነው ያስረሳኝ።

ኢንጂነር ሰብለ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ የሆነው አልገባትም። «እንዲህ ያለ የተሳካ የሕዝብ ውይይት አይቼ አላውቅም» አለች። ጥናቱ ከቀጠለ ቆቦ ላይ ቢሮ እንደሚከፈትና ኃላፊው እኔ እንደምሆን መኪናው ውስጥ ነገረችኝ። ለቢሮው መኪና ይመደባል። እናቴም እያረጀች ነው፣ አጠገቧ እሆናለሁ። ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ወሬው በባጃጅ ቀድሞኝ እናቴ ቤት ደርሷል። በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ለምን ዕቃ ነው ዋስ የሆንከው?»

«ለመብራት ማመንጫ።»

«ሰውየውን ታውቀዋለህ?»

«ስሙን አውቃለሁ።»

«በማርያም!» አለችና ተቀመጠች። «አባትህ ለአንድ በሬ ዋስ ሆኖ በሬው ሳንባውን አሞት ሞተ። የራሱን በሬ ፈትቶ ሰጠ። ሁለት ክረምት በሰው በሬ ነው ያረስነው። አስታወስክ?»

አስታወስኩ። አባቴ ከተውሶው በሬ ኋላ ሲሄድ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ሰው ሰላም ሲለው እንኳ ቀና አይልም።

«ያንተውስ ዕቃ ቢበላሽ ስንት ክረምት ነው?» አለችኝ። ማብላያ ውስጥ ተቃጥሎ የወጣ ነዳጅ አደገኛነቱ በክረምት አይቆጠርም፤ የልጅ ልጅ ልጅ ብትል አይበቃውም። «ብዙ ነው» አልኳት። እሷም የማይነገር ዓይነት ብዙ መሆኑን ከፊቴ አየች መሰለኝ፣ አልጠየቀችኝም። «ቤቱን አታስወስድብኝ» ብቻ አለች።

በማግስቱ የጎርፍ መውረጃዎቹን ስናይ ረፈደብንና ጎብዬ ከተማ ምሳ ገባን። ኢንጂነር ሰብለ ስልክ ለማውራት ወጣች። እኔ እንደ አስተርጓሚ ሳይሆን እንደ ዋስ መሐንዲሱን መጠየቅ ጀመርኩ።

«ያገለገለውን ነዳጅ መልሳችሁ ትወስዱታላችሁ?»

«ወደፊት በሚፈረም ሌላ ስምምነት ይታያል» አለኝ።

«መንግሥቶቻችን ቢጣሉና አዲስ ነዳጅ ብትከለክሉንስ? ከእናንተ በቀር የሚገጥም ነዳጅ የሚሠራ አለ?»

«ያ ፖለቲካ ነው። እኔ መሐንዲስ ነኝ።»

«ጦርነት ቢመጣ ማን ይጠብቀዋል?»

እጁን ወደ ዋናው መንገድ ዘርግቶ «አስተናጋጁ አገር» አለ። በዚያ ሰዓት መንገዱ ላይ የነበሩት ሽንኩርት የጫነ አይሱዙና ጎማው የተነፈሰ ባጃጅ ናቸው።

ጦርነቱ ሲመጣ አስተናጋጆቹ ምን እንዳደረግን አውቃለሁ። ልጆቻችንንና ሽማግሌዎቻችንን ይዘን ሸሸን። ዘበኛውም ልጆች አሉት፣ እሱም ሸሸ። ስመለስ አንድ የራጅ ክፍል በሩ ተገንጥሎ፣ ማሽኑ ወለል ላይ ተዘርግቶ አግኝቼዋለሁ። ራጅ ስለሆነ ምንም አልሆነም፤ ሶኬቱ ሲነቀል ያበቃል። ማብላያ ግን ብታጠፋውም መጋሉን አይተውም። ለረጅም ጊዜ ውሃ ይፈልጋል፣ ውሃውን የሚገፋ መብራት ይፈልጋል፣ አጠገቡ የማይሸሽ ሰው ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ከመጀመሪያውም አውቃለሁ፣ ለሌሎችም አስተምሬዋለሁ። የማውቀውን ነገር የፈራሁት ግን እዚያ ጎብዬ፣ ጥብሱ ፊት ነው።

ለመሐንዲሱ የከብት ገበያውን ነገር አጫወትኩትና «አንተስ ለኔ ዋስ ትሆነኛለህ?» አልኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ሳልስቅ ሲያይ ጉርሻውን መሶቡ ላይ መለሰው።

«ያ ነዳጅ በሚወጣበት ጊዜ እኔ ጡረታ ወጥቼ ዓሣ እያጠመድኩ ነኝ» አለ። «የኩባንያው አለቆችም ይቀየራሉ። ዋስ ልሆንህ አልችልም።» ጨዋ ሰው ነው። ከሁላችንም ቀድሞ ከዋስነት የወረደው እሱ ነው።

ለኢንጂነር ሰብለ ሁሉንም ነገርኳት። ሮቢት የተቀመጥኩበትን ሣጥንም አስታወስኳት። «ለአንዲት ሣጥን የሚወስዳት ሰው አጥተናል፤ ለዚህ ማን ይመጣል?» አልኳት። ማስታወሻዋን ዘጋች።

«ውረድ አልልህም፣ ቁምም አልልህም» አለች። «ከወረድክ ግን ሕዝቡ የሰጠው ፈቃድ አብሮህ ይወርዳል። የቆቦው ቢሮም ይቀርብሃል። ለበላይ ኃላፊዎችም ምክንያቱን የምታስረዳው አንተ ነህ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ዋስነት ግን ርክክብ ካልተፈጸመ ይወርዳል፤ በሰው ፊት የገባህበትን በሰው ፊት ነው የምትወጣው። በገበያው ቀን ከብት ተራ ሄድኩ። ከረቫቱን እናቴ ቤት ትቼዋለሁ። አባ ሙሄ ከመስኖ ሰዎቻቸው ጋር ቆመው በሬ ያያሉ። ዲግሪ አለኝ፣ ስብሰባ ላይ ስናገር ማንም አያስቆመኝም፤ እዚያ ግን በሬ የሚያይ መስዬ ሁለት ጊዜ አለፍኳቸው።

«አባ ሙሄ፣ አላውቀውም» አልኩ።

«ማንን?» አለ አንዱ ከኋላ። «ሚስትህን?» ከብት ተራው ሳቀ። በሬዎቹ ብቻ ናቸው ያልሳቁት።

«ፈረንጁን። አላውቀውም። ዋስነቴን አውርጃለሁ።»

የአባ ሙሄ ፊት ጠቆረ። «መብራት አሳይተህ ልትነሣን ነው?» አሉ። «መብራት ሲጠፋ ሽንኩርቴን ምን ላጠጣው? ዲግሪህን?»

ሽንኩርታቸው እውነት ነው። «መብራቱን ጠልቼ አይደለም፣ አባቴ» አልኩ። «ሲያረጅ ማን እንደሚወስደው፣ ጦር ሲመጣ ማን ቆሞ እንደሚያቀዘቅዘው የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። ጥፋት ቢመጣ እናንተ የምትመጡት እናቴ ቤት ነው። እናቴ ቤት ደግሞ ለዚህ የሚሆን ነገር የለም።»

አባ ሙሄ በትራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ወላሂ አናደድከኝ» አሉ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አባትህም ያን ጊዜ ወርዶ ቢሆን በሬው ይተርፍለት ነበር» አሉኝ። ሰላምታ ሳይሰጡኝ ሄዱ። እኔ ከበሬዎቹ መሐል ቆሜ ቀረሁ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። አቧራ ነው አልኩ ለሚያየኝ።

ለበላይ ኃላፊዎች አስረዳሁ። አንዱ «ለከብት ገበያ ባህል ብለህ ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ኢንጂነር ሰብለ ግን ጎብዬ የጠየቅኳቸውን ጥያቄዎች ድርድሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻቸው፤ መልስ ሳይመጣ የቆቦው ጥናት አይቀጥልም አለች። መልሱ እየተጠና ነው ተብሏል። ቢሮው አልተከፈተም፣ መኪናውም የለም። መብራት ሲሄድ ፓምፑ አሁንም ይቆማል። አባ ሙሄ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰላም ይሉኛል፣ ቆመው ግን አያወሩኝም። ይህ ቅር ይለኛል።

እናቴ ቤቷ ውስጥ አለች። እኔ ወደ ራጅ ክፍሎቼ ተመልሻለሁ። መሥሪያ ቤት «ሽርጡ» ነኝ፤ ቆቦ ስገባ ደግሞ የባጃጅ ልጆች «አላውቀውም፣ ወዴት ነህ? ግባ!» ይሉኛል። እገባለሁ፤ በእግር መሄዱ ይሞቃል።

አዲስ ለሚቀጠሩ ባለሙያዎች የምነግራቸው ትንሽ ነው። የራጅ ማሽኑ ሲጠፋ ሽርጡን አውልቁ። ማብላያው ጠፍቷል ሲሏችሁ ማን እያቀዘቀዘው እንደሆነ ጠይቁ። የሚሸጠውንም ሰው አውቀዋለሁ ከማለታችሁ በፊት፣ ዕቃው ሲያረጅ ሰውየውን የት እንደምታገኙት ጠይቁ።