ዛላቸው የተቀነጠሰ አገዳዎች

የምርምር ሠራተኛው ባዳቾ፣ ከሻንቶ ከተማ አጠገብ በገበሬዋ በአስካለች ማሳ ለሙከራ በየመደቡ ተለይተው የተዘሩትን የስንዴ ዝርያዎች ሊመረምር ሄደ። ዛላን ያለጊዜው የሚያነጣውን የፈንገስ በሽታ የተቋቋመው ዝርያ ለገበሬው ዘር ይሆናል። ማሳው ላይ ግን የነጣ ዛላ አልነበረም።

"የኤልሳዕ እናት፣ የነጣው የት ሄደ?" ሲል አስካለችን ጠየቃት።

"ቀንጥሼ አቃጠልኩት። ለእንግዳ በሽተኛ እህል ላሳይ?"

"እኔ እኮ የመጣሁት በሽታውን ላይ ነው!"

"ጉድ ነው! ሰው ጤና ይመኛል፣ አንተ በሽታ ፍለጋ ትዞራለህ?"

ባዳቾ የዓመቱ ልፋት ገደል ገባ ብሎ ሲተክዝ፣ ባዶ የቆሙት አገዳዎች ዓይኑ ገቡ።

"ጤነኛውንም ቀንጥሰዋል?"

"ምን ቆርጦኝ!"

ጎንበስ ብሎ ዛላ አልባዎቹን ከየመደቡ ይቆጥር ጀመር። አስካለችም በሌላው ጫፍ ገባች። ፀሐይ ሳይበረታ፣ አንድም ዛላ ያልተቀነጠሰበት መደብ ተገኘ። በዓመቱ የአካባቢው ገበሬዎች የዘሩት ያንን ስንዴ ነው።